ፀሐይን ያለ ድምፅ ማየት
የእህቴ ልጅ መስማት አይችልም፣ ቤት ውስጥ በምልክት እናወራለን ግን ቲቪ ሲከፈት ብቻውን ይቀራል፣ ይሄ ሁሌ ያመኛል። ቅዳሜ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚባለውን የልጆች የቲቪ ፕሮግራም ከፈትኩለት፣ ፀሐይ የምትባለውን ቀጭኔ ታውቋት የለ? የፕሮግራሙ ፈጣሪ ብሩክታዊት ጥጋቡ መጀመሪያ አስተማሪ ነበረች፣ በቲቪ ብዙ ልጆች ጋ መድረስ እንደሚቻል አይታ ከባለቤቷ ጋር በ2005 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀመሩት፣ በካልሲ አሻንጉሊት ማለት ነው፣ ይሄን ሳስበው በጣም ይገርመኛል። ልጁ ዝም ብሎ ካየ በኋላ ተነስቶ በእጁ ረጅም አንገት ሰራልኝ፣ «ቀጭኔ» ማለቱ ነው፣ እንባዬ መጣ። አኒሜሽንም አሻንጉሊትም ነገሩን በእንቅስቃሴ ስለሚያሳዩ ገብቶታል፣ ወሬ ብቻ የሚበዛበት ፕሮግራም ላይ ግን ቶሎ ይሰለቻል። የልጆች ፊልም የምትሰሩ፣ ጥግ ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አስገቡልን፣ ማንበብ ገና ላልጀመረ ልጅ ከስር የሚጻፈው ጽሑፍ ምንም አያደርግለትም።