የኦንላይን ሱቄ የክፍያ ጉዳይ፦ የስምንተኛ ወር ማስታወሻ

ባለፈው ወር ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ የክፍያውን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አዲስ ለሆናችሁ፦ ፍራንክፈርት ሆኜ ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦትና ነጠላ በኦንላይን እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ሆላንድ፣ ስዊድን፣ እስራኤል፣ ዱባይና አሜሪካ ነው ያሉት።

ሱቁን ስከፍት ያስገባሁት ቪዛና ማስተርካርድን ብቻ ነበር። በቂ መስሎኝ ነበር። ከሆላንድ ግን አንድ ነገር ይደጋገም ጀመር። ሰው ዕቃ ይመርጣል፣ ስሙንና አድራሻውን ይሞላል፣ ክፍያው ገጽ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። የመላኪያው ዋጋ ከብዷቸው ነው ብዬ ቀነስኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ከዚያ አንዲት እናት ከሮተርዳም ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ጀበናውን መርጬ ጨርሻለሁ። አይዲያሉ የት ጋ ነው?" አሉኝ። "እማማ፣ በካርድዎ ይክፈሉ" አልኳቸው። ካርዱን እያገላበጡ ያነቡልኝ ጀመር። የባንክ ሂሳባቸው ቁጥር አለ፣ አጭር የካርድ ቁጥር አለ፣ በቃ። ኦንላይን ሲከፈል የምትጠየቀው፣ ከጀርባው ያለችው ሦስት አሃዝ የለችም። ማኤስትሮ ካርድ ነበር፤ ሱቅ ሄዶ መክፈያ እንጂ እንደኔ ላለ ድረ ገጽ የማይሆን። ለካ እነዚያ ሁሉ ሰዎች መግዛት ፈልገው በሩ ነው የተዘጋባቸው። በጣም ነው ያዘንኩት።

አይዲያል ሆላንድ ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ የሚከፈልበት መንገድ ነው። ደንበኛው ባንኩን ይመርጣል፣ የባንኩ አፕ የሱቁን ስምና ሂሳቡን ይዞ ይከፈታል፣ ያጸድቃል፣ አለቀ። ለነጋዴም ተስማሚ ነው። ደንበኛው ራሱ ከባንኩ ስለሚልከው እንደ ካርድ "እኔ አልከፈልኩም" ተብሎ አይመለስም። ኮሚሽኑም እኔ ጋ በመቶኛ ሳይሆን በሳንቲም የሚቆጠር ቋሚ ሂሳብ ነው። ባስገባሁት በሦስተኛው ቀን እማማ ጀበናቸውን ከነስኒው ገዙ። ለጓደኞቻቸውም ነገሩልኝ።

ጀርመን ያሉት ደግሞ ፔይፓል ይላሉ፤ ካልሆነም ሬህኑንግ። ሬህኑንግ ማለት ዕቃው መጀመሪያ ይሄዳል፣ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል። በራሴ ብሞክረው ካዝናዬ አይችለውም። ክላርና የሚባለው የክፍያ ድርጅት ግን ለኔ ቀድሞ ይከፍልና ከደንበኛው ይሰበስባል። ኮሚሽኑ ከፍ ይላል፤ ሌሊት ተኝቼ ስለማድር ግን ያዋጣኛል። በላስትሽሪፍት፣ ማለትም ከደንበኛው ሂሳብ በቀጥታ በሚቆረጠው መንገድ፣ ለአጭር ጊዜ ሠርቼ ዘግቼዋለሁ። ደንበኛው ስምንት ሳምንት ሙሉ ምክንያት ሳይሰጥ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ለወርሃዊ መዋጮ ጥሩ ነው፤ በፖስታ ለሚሄድ መሶብ ግን አልመክርም።

አሁን በጣም ወዳስተማረኝ ነገር ልምጣ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ደንበኛዬ ነጠላ ገዛች፣ ደረሳት፣ ፎቶ ሁሉ ላከችልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ባንኳ ገንዘቡን ከኔ ላይ ወሰደ፤ ቻርጅባክ ማለት ነው። የክርክሩም ሂሳብ ተጨምሮ ተቆረጠብኝ። ደወልኩላት፤ ደነገጠች። የባንክ መግለጫዋ ላይ የታየው የሱቄ ስም ሳይሆን ድርጅቴን ያስመዘገብኩበት የጀርመንኛ ስም ነበር። የማታውቀው ስም ሆኖባት ሌባ መስሏት ነው። መልሳ ከፈለችኝ። እኔም የዚያኑ ቀን ማታ መግለጫው ላይ የሚወጣውን ስም በሱቁ ስም ቀየርኩት። እባካችሁ ዛሬውኑ ከራሳችሁ ሱቅ አንድ ዕቃ ገዝታችሁ ምን ስም እንደሚወጣ እዩ። የፖስታውን መከታተያ ቁጥርም አትጣሉ፤ ለባንክ የምታቀርቡት ማስረጃችሁ እሱ ነው።

እስራኤል ያሉት "በስንት ታሽሉሚም?" ብለው ይጠይቁኛል። እዚያ አንድን ሂሳብ በክሬዲት ካርድ ለወራት ከፋፍሎ መክፈል የተለመደ ነው። እኔ በጀርመን አካውንቴ ይህን ማቅረብ አልቻልኩም፤ ትልቁን የቡና ስብስብ የሚፈልጉትን እያጣሁ ነው። ዱባይ ያሉት በካርድ ይከፍላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን "ዕቃው ሲደርስ በእጅ ልክፈል" ይላሉ። ለዚህ እዚያው የሚያስረክብ ታማኝ ሰው ያስፈልጋል። እስካሁን የለኝም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትሸጡ ደግሞ የእህቴን ልማድ ላካፍላችሁ። መርካቶ ነው የምትሠራው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ስክሪንሾት ያሳያታል። እሷ የሰውን ስልክ አታይም። "ይቅርታ ወንድሜ፣ የኔ ይድረስ" ትልና የራሷን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። መልእክቱ ጢን ሲል፣ ሂሳቡን አይታ፣ ዕቃውን ታስረክባለች። በተቀነባበረ ስክሪንሾት የተበላ ጎረቤት አላት። ዌብሳይት ያላችሁም ያው ነው፤ ትዕዛዙን "ተከፍሏል" የሚለው ደንበኛው የሚልከው ምስል ሳይሆን ከክፍያ ድርጅቱ የሚመጣው ማረጋገጫ ይሁን።

በሚቀጥለው ወር የማየው ስዊሽ የሚባለውን የስዊድን የስልክ ክፍያ ነው። ስልክ ቁጥርና ባንክአይዲ (ባንክ የሚሰጠው የዲጂታል መታወቂያ) ነው የሚጠቀሙት፤ ስቶክሆልም ያሉ ደንበኞቼ ከሱ ሌላ አይጠይቁኝም። ከናንተ መሃል ከስዊድን ውጭ ሆኖ ያስገባው ካለ በየትኛው የክፍያ ድርጅት እንደሆነ ይንገረኝ። ሦስት ሰዎች ረከቦት መርጠው እየጠበቁኝ ነው።