«ጥፋቱ ይሰማት እንጂ!»

የወር መጨረሻ ነበር። ባንክ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ የቀረውን ራሱ ይገምታል። ጡረተኛው፣ ደመወዝተኛው፣ ዕቁብ ሰብሳቢው ሁሉ ባንድ ቀን ይመጣል። ከሁለቱ ብር ቆጣሪ ማሽኖቻችን አንዱ ከተበላሸ ሰንብቷል። አንዱን እየተቀባበልን፣ የቀረውን በእጅ እየቆጠርን ዋልን። ከእኔ ጎን ያለችው ቴለር (ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ) ምሳም አልወጣችም። ገና አዲስ ልጅ ናት።

በሩ ተዘግቶ ሒሳብ ስንዘጋ የእሷ አልገጥም አለ። 10,000 ብር ጎደለ። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። እንደገና ስትጀምር እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሐል ላይ ቁጥሩ እየጠፋባት ከአንድ ትጀምራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትቆጥር መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል «እኔ ድሮም ደደብ ነኝ፤ ድሮም ደደብ ነኝ» ነው የምትለው።

የጎደለ ገንዘብ ከቴለሩ ኪስ ነው የሚወጣው። ለጉድለት ተብላ የምትከፈለን አበል እንዲህ ላለው ቀን አትደርስም። ስለዚህ ልጅቷ ዝም ብላ አይደለም የፈራችው።

ከዚያ ቀደም መሥሪያ ቤቱ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋብዞ፣ ትንፋሽን እየተከተሉና የሚሰማንን እያስተዋሉ ጭንቀትን ስለ ማርገብ ሥልጠና አሰጥቶን ነበር። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የጠየቅነው «ይሄ ሃይማኖት አለበት?» ብለን ነው። በትዕግሥት አስረዳችን። የልምምዱ ሥር ከቡድሂስቶች ማሰላሰል የመጣ ነው። ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ግን በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ታካሚዎች ሲያዘጋጀው እምነቱን ለይቶ፣ ትኩረቱንና አተነፋፈሱን ወሰደ። ዛሬ 8 ሳምንት የሚፈጅ ሥልጠና ሆኖ በብዙ አገር ይሰጣል። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ፤ ከጸሎቴ ጋር ሲጋጭብኝ አላየሁም።

ወንበሬን ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ብሩን አስቀምጪው» አልኳት።

«ጋሼ፣ 10,000 እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እግርሽ መሬት ነክቷል?»

ወንበሩ ብረት ላይ ሰቅላው ነበር። አወረደችና ወለሉን ረገጠች።

«አሁን ምን ይሰማሻል?»

«ደረቴን አፍኖኛል። ፊቴ ይነዳል።»

«እሺ። ከባድ ሰዓት ነው። ብር የሚቆጥር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይጎድልበታል፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ታናሽ እህትሽ እዚህ ወንበር ላይ ብትሆን ደደብ ትያታለሽ?»

ዝም አለች። እንባዋ መጣ።

«አልላትም።»

«ምን ትያታለሽ?»

«ደክሞሻል፣ ቀስ በይ ነው የምላት።»

«በይ እሱን ለራስሽ በዪው።»

ይህን ያልኩት ከራሴ ፈጥሬ አይደለም። ክሪስቲን ኔፍ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ለራስ መራራትን በሦስት ነገር ነው የተነተነችው። የሚሰማንን ሳንክድና ሳናጋንን ማየት፣ መከራው የሰው ሁሉ መሆኑን ማስታወስ፣ ለወዳጃችን የምንለውን ለራሳችን ማለት። ባለሙያዋ ያስተማረችን ይህንኑ ነው።

አለቃችን ከኋላ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

«ጥፋቱ ይሰማት እንጂ! ካባበልካት ነገም ትደግመዋለች» አለኝ።

«ጥፋቱማ ተሰምቷታል» አልኩት። «ከልክ በላይ ተሰምቷት ነው መቁጠር ያቃታት።»

መልስ አልሰጠኝም። ወደ ቢሮው ገባ።

ያ ንግግሩ እስካሁን ይከነክነኛል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እኛ አገር አብዛኛው ሰው የሚያምንበት ነገር ስለሆነ ነው። ልጅም፣ ተማሪም፣ ሠራተኛም የሚታረመው ሲያፍር ይመስለናል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጁሊያና ብሬይንስና ሴሬና ቼን በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የተገላቢጦሹን ያሳያል። ከባድ ፈተና ከወደቁት መካከል ለራሳቸው እንዲራሩ የተነገራቸው ተማሪዎች ለድጋሚው ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ አጠኑ። ሰው ስህተቱን ደፍሮ የሚያየው ስህተቱ የማይሰብረው ሲሆን ነው።

እኔም በዓይኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። ትንሽ ተነፈሰችና «ጋሼ፣ ድፍን ቁጥር ነው እኮ» አለች። እውነቷን ነው። አንድ እስር መቶ ቅጠል ብር ነው። ባለ 200 አንድ እስር 20,000 ነው፤ ባለ 100 አንድ እስር 10,000። ልዩነቱ ልክ የጎደለው ነው። የቅጠል ስህተት ቢሆን ቁጥሩ እንዲህ ድፍን አይወጣም፤ የእስር ልውውጥ ነው፤ በባለ 100 ፋንታ ባለ 200 ሰጥታለች። ወጪ ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። አንድ ነጋዴ ባለመቶውን ስጪኝ እንዳላት ትዝ አላት። ደወልንለት። እስሩን ገና አልፈታውም። በማግስቱ ጠዋት ይዞት መጣ፤ እግዜር ይስጠው።

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ የባለ 200ውንና የባለ 100ውን እስር በአንድ መሳቢያ አታስቀምጥም። ማንም አላዘዛትም።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ማሽኑ እንዲጠገን፣ በወር መጨረሻ ምሳ የሚያቀያይረን ሰው እንዲመደብ ጠየቅን። የዚያው አለቃ መልስ «ሥልጠና ወስዳችኋል አይደል? ረጋ ብላችሁ፣ እየተነፈሳችሁ ሥሩ» የሚል ሆነ።

ልጅቷ ሲያስፈልጋት «ማባበል» ተብሎ የተከለከለው ነገር፣ ማሽን ሲጠየቅ መልስ ሆኖ መጣ። ይሄ ልምምዱን ማዋረድ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት መስኮት ሳልከፍት ጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን እከተላለሁ፤ ጠቅሞኛል፤ ለማንም እመክራለሁ። ግን መተንፈስ የደነገጠ ሰው እንዲረጋጋ ነው። ብር አይቆጥርም። ሰልፍ አያሳጥርም። ሰው ሳይበላ እንዲውል ምክንያት ሊሆን አይገባም። እንዲያውም ለራሱ የሚራራ ሰው «ይህ ሥራ ከአቅሜ በላይ ሆኗል፣ አግዙኝ» ማለትን ይለምዳል።

ማሽኑ አሁንም እንደተበላሸ ነው። ባለፈው ሳምንት በጽሑፍ አድርገን ከቅርንጫፋችን በላይ ላለው ለዲስትሪክቱ ቢሮ አስገብተናል። ሁላችንም ፈርመናል። መጀመሪያ የፈረመችው እሷ ናት።