የድመት ዓይን ሲቀላ፦ ከጠብታው በፊት የማደርገው ምርመራ

ዓይኗ የቀላ ድመት ስትመጣልኝ ከባለቤቷ ቦርሳ የተጀመረ የዓይን መድኃኒት አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ለሰው የተገዛ የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው፤ እሱ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያስደነግጠኝ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ (ብግነት ማብረጃ) የተቀላቀለበት ጠብታ ነው። መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ድመቷ የዳነች ይመስላል። ኮርኒያዋ (የዓይኗ የፊተኛው ግልጽ ሽፋን) ላይ ቁስለት ካለ ግን ስቴሮይዱ እንዳይሽር ያደርገዋል፤ ቁስለቱም እየጠለቀ ሄዶ ዓይኑን ሊበሳው ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው ስቴሮይድ በሌላ ዓይነት ቀይ ዓይን ብርሃንን የሚያተርፍ መድኃኒት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ከዓይኑ ላይ ነው ወይስ ከውስጥ የሚለውን ሳልለይ ምንም ጠብታ አላዝም።

አንዲት ቡላ ድመት ባለቤቶቿ ቤት በቀየሩ ሰሞን ግራ ዓይኗን ጨፍና፣ እያስነጠሰች መጣች። የምርመራውን ቅደም ተከተል አላዛባም። መጀመሪያ የእንባ መለኪያውን ወረቀት በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ ሰክቼ 1 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ጠብታ ቀድሞ ከገባ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ የላቦራቶሪ ናሙና እወስዳለሁ። ዓይናር ጠርጎ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ ክላሚዲያ የተባለው ባክቴሪያም ሆነ ሄርፒስ ቫይረስ የሚራቡት በሴል ውስጥ ስለሆነ ጥጡ የዓይን ቆቡን ውስጠኛ ገጽ ጠበቅ አድርጎ መጥረግ አለበት። ፍሎረሲን የተባለውን ማቅለሚያ የምጨምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክፍሉን አጨልሜ በሰማያዊ መብራት ስመለከት ኮርኒያዋ ላይ ቅርንጫፍ ያወጡ ቀጫጭን አረንጓዴ መስመሮች ታዩኝ። ድመት ላይ እንዲህ ያለ ቁስለት ሲታይ የላቦራቶሪውን ውጤት ሳልጠብቅ ሄርፒስ ነው እላለሁ። ቫይረሱ አንዴ ከገባ የፊት ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል፤ ቤት መቀየር፣ አዲስ ድመት መምጣት ወይም ስቴሮይድ ይቀሰቅሰዋል። ፋምሲክሎቪር የተባለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ጀመርኩላት፣ ቁስለቱም ሻረ። እግረ መንገዴን ላሳስብ፦ ለሰው የሚታዘዘው የአሲክሎቪር እንክብል የድመትን መቅኒ ይጎዳልና በፍጹም አይሰጥ።

የሚቀጥለው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተፈታም። አንዲት እናት ወንድ ድመታቸውን በካርቶን ይዘው መጥተው «ዶክተር፣ የውሮዬ ዓይን ቀለሙ ተለወጠብኝ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቡናማ ሆነ» አሉኝ። ውሮ አይጥ አዳኝ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ጥሬ ሥጋ ይጣልለታል። ዓይናር የለውም ማለት ይቻላል። ማቅለሚያው አንድም ቦታ አልያዘም፤ ኮርኒያው ደህና ነው።

መብራቱን አጥፍቼ ቀጭን ብርሃን ከጎን በኩል ወደ ዓይኑ አስገባሁ። በጤነኛ ዓይን ከኮርኒያው ኋላ ያለው ፈሳሽ ጥርት ያለ ስለሆነ ብርሃኑ ሲያልፍ አይታይም። በውሮ ዓይን ግን በመስኮት ስንጥቅ የገባ ፀሐይ አቧራው ውስጥ እንደሚታይ ሁሉ የብርሃኑ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ፕሮቲንና ሴሎች ወደ ፈሳሹ ገብተዋል ማለት ነው። የዓይኑ ግፊት 7 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሆነ፤ የጤነኛው 18። የውስጥ ብግነት ግፊቱን ያወርደዋል፤ ግፊት የሚጨምርበት ሕመም፣ ግላኮማ፣ ቢሆን ኖሮ ሽቅብ በወጣ ነበር። ብሌኑን በጠብታ አስፍቼ ስመለከት ሬቲናው (ከዓይኑ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ደብዛዛ ግራጫ ነጠብጣቦች አየሁ።

የውስጥ ብግነት የሚያመጡት ብዙ ናቸው፦ የድመት ሉኬሚያ ቫይረስ፣ የድመት ኤች አይ ቪ የሚባለው ኤፍ አይ ቪ፣ የድመት ኮሮና ቫይረስ የሚያመጣው ኤፍ አይ ፒ የተባለ ሕመም፣ ከአይጥና ከጥሬ ሥጋ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተዋሲያን። የውሮ አመጋገብ ወደ መጨረሻው አመለከተኝ፤ ነገር ግን አይ ጂ ጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል በደሙ መገኘቱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። በአዲስ አበባ ባለቤት አልባ ድመቶች ላይ በተደረገ ጥናት አብዛኞቹ ይህ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶባቸዋል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ የተገኘባት ድመት ሁሉ ግን ዓይኗን አትታመምም። የቅርብ ጊዜ ልክፍትን የሚጠቁመው አይ ጂ ኤም የተባለው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ወይም በሦስት ሳምንት ልዩነት በአራት እጥፍ የጨመረ አይ ጂ ጂ ነው። የውሮ አይ ጂ ኤም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የቫይረሶቹ ምርመራ ነጻ ሆነ።

ጥገኛውን የሚያጠቃ ክሊንዳማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ለአራት ሳምንታት አዘዝኩ። ቁስለት አለመኖሩን አረጋግጫለሁና ስቴሮይድ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ጠብታም ጨመርኩ፤ ለቡላዋ ድመት ብሰጣት ዓይኗን ያጠፋው የነበረው መድኃኒት ማለት ነው። ለሕመሙ አትሮፒን ያዘዝኩት በቅባት መልክ ነው፤ ጠብታው በእንባ ቱቦ ወደ አፍ ይወርድና መራራ ስለሆነ ድመቷን አረፋ ያስደፍቃታል፣ ባለቤት ደግሞ የተመረዘች መስሎት ይደነግጣል።

የቶክሶፕላዝማ ስም ሲነሳ እናትየው ፊታቸው ተለወጠ፤ ጥገኛው ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፣ ልጃቸው ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። «እንግዲያውስ ይውጣልኝ» አሉ። ቁጭ ብለን በደንብ ተነጋገርን። ድመት የጥገኛውን እንቁላል በሰገራዋ የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ሰሞን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። እንቁላሉም ሰው ለመያዝ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ውጭ ከቆየ በኋላ ስለሆነ ሰገራው በየቀኑ፣ ከነፍሰ ጡሯ ሌላ በሆነ ሰው ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የበዓሉ ክትፎና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ነበር፤ ይህንንም በግልጽ ነገርኳቸው። ልጅቷን ለእርግዝና ክትትል ሐኪሟ እንድትናገርና እንድትመረመር ላክኋት፤ ለውሮ ደግሞ ሥጋው ተቀቅሎ እንዲሰጠው ተስማማን።

የዓይኑ ፈሳሽ ጠራ፣ ግፊቱም ወደ ጤነኛው ተጠጋ። ቡናማው ቀለም ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ብግነቱ ጠባሳ ትቶ የፈሳሹን መውጫ ከዘጋ ግላኮማ ዘግይቶም ሊመጣ ስለሚችል፣ ውሮ ደህና በሚመስልበት ጊዜም ለግፊት ልኬት ይመጣል።