ድንቹ የተቀቀለበት ውሃ

እናቴ የኩላሊት እጥበት በጀመረችበት ሰሞን ፖታሲየምና ፎስፈረስ የበዛባቸው ምግቦች የተዘረዘሩበት አንድ ወረቀት ተሰጥቶን ነበር። ብርቱካን ጭማቂ፣ ቡናማ ዳቦ፣ ቺዝና ቸኮሌት ይላል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው ካነበበችው በኋላ «ታዲያ እኔ ከእነዚህ የቱን በላሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ጤፍ ወረቀቱ ላይ አልነበሩም።

ፖታሲየም ለጤነኛ ሰው ጠቃሚ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 3510 ሚሊ ግራም እንዲያገኙ ይመክራል። ኩላሊት ሲደክም ግን ትርፉ ደም ውስጥ ይቀራል፤ መጠኑ ሲያሻቅብም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ሳያሳይ የልብን ምት ያዛባል። የፎስፈረስ ጉዳት ዝግ ያለ ነው፤ ቆዳን ያሳክካል፣ እያደር አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ሥርንም ያደነድናል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙዝን ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም ሲኖረው፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ግን ከ700 ያልፋል። ከሁሉ በላይ እኔን ያሳሰበኝ የወጥ አሠራራችን ነው። ፖታሲየም በውሃ ስለሚሟሟ አትክልት ሲቀቀል ወደ ውሃው ይወጣል፤ እኛ ደግሞ ውሃውን አንደፋም፣ መረቅ አድርገን በእንጀራ እናጠቅሰዋለን። ስለዚህ ድንቹን ልጬ፣ በትንንሹ ከትፌ፣ በብዙ ውሃ ቀቅዬ ውሃውን ከደፋሁ በኋላ በአዲስ ውሃ ደግሜ እቀቅለዋለሁ፤ ቁሌቱ ውስጥ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። በመጀመሪያው ቀን የደፈረሰውን ውሃ ስደፋ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ጣዕሙን እኮ ደፋሽው» ብላ ተቆጣችኝ። የቲማቲም ድልህ ደግሞ ቲማቲሙ ተጨምቆ የቀረ ስለሆነ፣ ፖታሲየሙ በክብደት ሲለካ ከጥሬው አራት እጥፍ ያህል ነው፤ ከቤታችን ወጥቷል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ የሚደፋ ውሃ የለውም፤ ያለው መላ መጠኑን መቀነስ ብቻ ነው።

ፎስፈረስን በመቀቀል ብቻ መገላገል አይቻልም፤ ከብዛቱ ባልተናነሰም ከምን እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውህድ ታስሮ ስለሚገኝ፣ ሰውነታችን የሚወስደው ከግማሹ ያነሰውን ነው፤ የሊጥ መቡካት ግን ከእስራቱ የተወሰነውን ይፈታዋል። ከወተት፣ ከአይብና ከሥጋ የሚገኘው የተሻለ ይመጠጣል። በፋብሪካ ምግብ ላይ የሚጨመረው ፎስፌት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይገባል። ኮላ ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ፣ ማሸጊያው ላይ ኢ338 ተብሎ የሚጻፈው፣ ከዚሁ ወገን ነው። ለእንግዳ የሚከፈተውን ጥቁር ለስላሳ ያስቀረነው ለዚህ ነው። በጾም ወራት የፖታሲየሙ፣ በፍስክ ደግሞ የፎስፈረሱ ሒሳብ ያስጨንቀኛል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን እንዳይጎድልበትም ያስፈልጋል፤ የእንቁላል ነጩ ፎስፈረሱ ጥቂት ስለሆነ በፍስክ ቀን ያግዘናል።

ፎስፈረስን የሚይዘው ክኒን የሚሠራው ሆድ ውስጥ ከምግቡ ጋር ሲገናኝ ነው። እናቴ ግን ለወራት ማታ ልትተኛ ስትል በውሃ ትውጠው ነበር፤ ሲስተሯ «እማማ፣ መቼ ነው የሚውጡት?» ብላ ባትጠይቃት ኖሮ እኔም አላውቅም ነበር።

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ «ለደም ግፊት ይሻላል» ብላ ሶዲየም የሌለበት ጨው አምጥታልን ነበር። ጀርባውን ሳነበው ፖታሲየም ክሎራይድ ይላል፤ ለጎበዝ ኩላሊት ችግር ላይኖረው ይችላል፣ ለእናቴ ግን በማንኪያ የሚሰፈር አደጋ ነው። እስካሁን ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ አለ። አክስቴ በደወለች ቁጥር «ጨው አላለቀባችሁም? ልላክ?» ትለኛለች።