ሜዲካል የወደቅኩ ዕለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ገብርኤልን «ያደረግህልኝን ለሰው እናገራለሁ» ብዬው ነበር። እነሆ እየተናገርኩ ነው።

ጊዜው 2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ሳውዲ ለሥራ ልሄድ ነገሩን ሁሉ ጨርሻለሁ። ፓስፖርት አውጥቻለሁ። የቤት አያያዝ ሠልጥኜ ሲኦሲውንም፣ የብቃት ምዘና ፈተናውን ማለቴ ነው፣ አልፌያለሁ። ለዚህ ሁሉ ብድር ገብቻለሁ። የቀረኝ ሜዲካል፣ የጤና ምርመራው፣ ነበር። ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። «አንተ ብቻ መንገዴን አቃናልኝ፣ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ እንቅልፌን ተኛሁ።

ውጤት ልሰማ ስሄድ የኤጀንሲው ልጅ ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ «አንፊት ነው የሚለው፤ ምርመራውን አላለፍሽም። ደረትሽ ላይ ነገር አለ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ እህቶች ስለነበሩ ቦታውን ለቀቅኩላቸው።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ እንጃ። ማታ ሥዕሉ ፊት ቆሜ መጸለይ አቃተኝ። «ምን አጠፋሁ?» ብቻ እያልኩ አለቀስኩ። አልጋዬ ላይ የእህቴ ልጅ ተኝታለች። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያለ እኔ እቅፍ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሳል ነበረብኝ። ከወር አልፎታል። የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ስለሆነ የጨርቅ ብናኝ ነው እል ነበር። በዚያ በኅዳር ብርድ ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝ እንኳ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። እህቴ ናት ጎትታ ጤና ጣቢያ ያደረሰችኝ። አክታ ሰጠሁ። የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ።

ሲስተሯ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ «ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ?» አለችኝ።

ያቺን ጥያቄ ዛሬም ሳስባት ሰውነቴን ይወረኛል።

ልጅቷን ይዘናት ሄድን። ኪሎ መጨመር ካቆመች ሰንብታለች፤ እኛ ጥርስ ነው እንል ነበር። እሷንም ይዟታል። ሲስተሯ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሕፃን ላይ በሽታው ቶሎ ይበረታል፤ የአንጎል ሽፋን ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ በጊዜ ከተያዘ ግን ይድናል። እህቴ እጄን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

እስቲ አስቡት። ሳውዲ ልሂድ ባልል ኖሮ ማን ራጅ ያነሳኝ ነበር? የሳል ሽሮፕ እየገዛሁ፣ ሕፃኗን ደረቴ ላይ አቅፌ እየተኛሁ እቀጥል ነበር። ያ ያለቀስኩበት ወረቀት ነው የልጅቷን ነፍስ ያተረፈው። እኔ በሩ ተዘጋብኝ ብዬ ሳለቅስ ገብርኤል ሌላ ሥራ ላይ ነበር።

መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ግን ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከበዱኝ። ሽንቴ ብርቱካን ሲመስል ደንግጬ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው አሉኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ጠበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም እንዳታቋርጪ። ጾሙ ሲሻልሽ ይደርሳል» አሉኝ። ታዘዝኩ። ግንቦት ላይ እኔም እሷም ጨረስን።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኝ ነበር። አልሄድኩም፤ ታዲያ ስለቱ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ይህንንም ለአባ ነገርኳቸው።

«ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ።»

«መንገዴን አቃናልኝ ነው ያልኩት፣ አባ።»

«ቪዛ አላልሽም?»

«አላልኩም።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ስለ ሠለስቱ ደቂቅ አነሡልኝ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለንጉሡ «አምላካችን ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም» ነው ያሉት። እሳቱም አልቀረላቸውም፤ ገቡበት። መልአኩ የመጣው እዚያው እቶኑ ውስጥ ነው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ በየታኅሣሥ 19 ሰምቼዋለሁ። ስለ እኔ ሲነገር የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሐምሌ 19 ለመድረስ ሁለት ቀን ቀድመን ተነሣን፤ እኔ፣ እህቴና ልጅቷ። ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ ያለው ጠመዝማዛ ልጅቷን አስታወካት። ቢሆንም ሌሊቱን በእልልታና በመዝሙር አነጋነው። ቁልቢ ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ በምስጋና ያሠሩት ደጅ ነው። ስንት ዓይነት ስለት እንደሚገባበት ያየ ያውቀዋል። አንዱ ሻማ፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዷ ዓመት ሙሉ የለመነችውን ልጇን አዝላ።

ብድሩን ገና እየከፈልኩ ነው። ስፌት ቤቱም ተመልሻለሁ። ሳውዲ የሄዱ ጓደኞቼ ሲደውሉ አልፎ አልፎ ሆዴ ይባባል፤ አልዋሽም። ያን ቀን ግን የእህቴን ልጅ አዝዬ፣ ጥላውን ዘርግቼ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወደ ቤተ መቅደሱ ስጠጋ፣ በጀርባዬ በኩል ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ሳል የለበትም። ጥላውን ለተቀባዮቹ ሰጠሁና እዚያው ተንበረከክኩ።