መጀመሪያ ቁርስ

የዛሬው የወጣቶች ሥልጠና የተከፈተው «የሕይወት ዓላማችሁን ጻፉ» በሚል ነው። ከተሰበሰበው ግማሹ ቁርስ አልቀመሰም።

በ1944 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በ36 ፈቃደኛ ወጣቶች ላይ የረሃብ ጥናት ጀመረ። በጥናቱ ለ24 ሳምንታት በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ ይመገቡ ነበር፤ ድንች፣ ዳቦ፣ ጎመን፣ ማካሮኒ። በሳምንት ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳሉ። ዓላማ የጎደላቸው እንዳይመስላችሁ። «ሰው አንገድልም» ብለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መዝመትን የተቃወሙ፣ ለተራበው ይጠቅማል ብለው የገቡ ናቸው። ለእርዳታ ሥራ የሚያዘጋጅ ትምህርትም ጀምረው ነበር። ረሃቡ ሲጠና ትምህርቱን ችላ አሉት። ወሬውም ህልሙም ምግብ ሆነ፤ ሳህን መላስ ተለመደ፣ አንዳንዱማ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስብ ጀመር! ሲያገግሙም ቫይታሚን መጨመሩ ብዙም አልፈየደም፤ ሰውነታቸው የፈለገው ለወራት የሚዘልቅ በቂ ካሎሪ ነበር።

ሥልጠና የምታዘጋጁ፣ በጀት ካጠራችሁ የተናጋሪ አበል ቀንሱና ሽሮ በእንጀራ አቅርቡ። ምግቡ ከሥልጠናው በፊት ይሁን፤ መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ሰዉ ሰዓት ሲያይ ነው የሚውለው። ከዓላማ በፊት «የሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ ከየት ይመጣል?» የሚለውን ጠይቁ፤ መልስ ለሌለው የሥራ ጥቆማ ይቅደምለት። የትራንስፖርት ብሩንም ከዋዜማው በቴሌብር ላኩ። ማታ እንሰጣለን ካላችሁ፣ ታክሲ መክፈል ያቃተው በእግሩ መጥቶ ወንበር ላይ ያንቀላፋል፤ ወይም ጭራሽ አይመጣም።