የትኛው ሚአተስ?

ጅማ በምሠራበት ሆስፒታል ያጋጠመኝን ልጻፍ፤ ሪፈር ለሚጽፍም ለሚቀበልም ይጠቅማል።

አንድ አባት ከአጋሮ በኩል ካለ ጤና ጣቢያ ሪፈር ተብለው መጡ። ወረቀቱ ላይ ያለው ምርመራ «ሚአታል ስቴኖሲስ» ብቻ ነው። ሚአተስ የሚባለው ቀዳዳ ጠቧል ማለት ነው። የምኑ? አልተጻፈም። የተቀበላቸው ሰው ወደ ጆሮ ክፍል መራቸው።

በዚያ ሳልፍ ወረፋ ላይ አየኋቸው። ባዶ ወንበር እያለ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው ከእምብርታቸው በታች ይዘው ላብ አጥምቋቸዋል። ጆሮውን ያመመው ሰው እንዲህ አይቆምም። ጠጋ ብዬ በኦሮምኛ ጠየቅኋቸው። ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና «ልጄ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሽንት እምቢ ብሎኛል» አሉኝ። ሴቶች በተሰለፉበት እንዴት ብለው ይናገሩ!

በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይዣቸው ሄድኩ። ተረኛው ሐኪም ቀዳዳውን ቀስ እያለ አስፍቶ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን የሽንት ማውጫ ቱቦ አስገባላቸው። ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። እፎይ ሲሉ ምርቃቱን አወረዱት።

ሚአተስ በላቲን መተላለፊያ ነው። ጆሮ ላይ አለ፣ የሽንት ቱቦ ጫፍ ላይ አለ፣ በአፍንጫ ውስጥም በግራና በቀኝ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው የሚባሉ አሉ፤ የእንባ ቱቦ የሚከፈተው በታችኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ የአናቶሚ ስያሜ የወንዱን የሽንት ቀዳዳ «ኦስቲየም ዩሬትሬ ኤክስተርነም» ይለዋል፤ ዋርድ ውስጥ ግን ሁላችንም ሚአተስ ነው የምንለው። ፎራሜን ኦቫሌ የሚባለው ቀዳዳም ያው ነው፤ በአንድ ስም ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የራስ ቅል ሥር ላይ ሆኖ የታችኛው መንጋጋ ነርቭ ያልፍበታል፤ ሌላው የፅንስ ልብ ላይ ነው፣ ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ ከተወለደ በኋላም ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል።

ጤና ጣቢያው ደወልን። ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ሌሊቱን ካቴተር ለማስገባት ሲታገል አድሮ፣ ሲነጋ ቶሎ እንዲደርሱ ብሎ ነው በጥድፊያ የጻፈው። ልፋቱ ያሳዝናል። «የሽንት ቀዳዳ» ብሎ ሽንቱ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ ቢጨምርበት ኖሮ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይገቡ ነበር፤ ይህንኑ ነገርነው።

እኛም ጋ አሠራሩ ተቀይሯል። የቀዳዳ ስም ብቻ የያዘ ሪፈር ሲመጣ፣ በሽተኛውን ከመጋረጃ ጀርባ ለብቻው ሳንጠይቅ የትም አንመራም።